አዲሱን ሩዝ ማን ይቅመሰው

ሽማግሌው ሎንግ ዴሹ ውሻቸውን ላይሺን የደበቋት ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉሙ ከሩዝ እርከኑ ላይ ገና ሳይነሳ ነው። ጓሮ ውስጥ ለብርዱ ወራት ስኳር ድንች የሚያስቀምጡበት ጉድጓድ አለ፤ በዚያ ወቅት ባዶ ነበር። ገለባ አነጠፉላት፣ አጥንት ሰጧት፣ ክዳኑን ገጥመው ማገዶ ከመሩበት።

«ዛሬን ብቻ ዝም በይልኝ» አሏት በማገዶው መሃል አጎንብሰው። «መቼስ ለፍላፊ አይደለሽም። ዛሬን ብቻ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ታችኛው ገበያ ላይ ያበደ ውሻ ሦስት ሰው ነክሶ አንዷ ሞተች። ወዲያው ከወረዳው ትእዛዝ ወረደ፤ በሸለቆው ያለ ውሻ ሁሉ፣ የታሰረም ይሁን የተፈታ፣ በአምስት ቀን ውስጥ እንዲገደል። ሺቻ መንደር የቀረው ሰው ሃያ አይሞላም፤ ወጣቱ ሁሉ ወደ ደቡብ ፋብሪካዎች ነጉዷል። ውሾቹ ግን አሥራ አንድ ነበሩ።

ላይሺ ዴሹ ቤት የመጣችው ሚስታቸው ላንዪንግ ከሞተች በሰባተኛው ሳምንት ነው። ማንም አላመጣትም። ዝናብ እየደበደባት መጥታ ደጃፉ ላይ ተኛች። ጎረቤቶች «በገዛ እግሩ የመጣ ውሻ ሀብት ይዞ ነው የሚመጣ፣ እንዳያባርሯት» አሏቸው። ሀብቱስ አልመጣም። ሽማግሌው ግን ራት ሲበሉ የሚያናግሩት አገኙ፤ ስለዚህ ላይሺ አሏት፤ ደስታ መጣ ማለት ነው። ልጃቸው ጓንግፋ ከጫማ ፋብሪካው እየደወለ «አባባ፣ ያንን አሮጌ ቤት ተውትና እኔ ጋ ይምጡ» ሲላቸው፣ «ልጅ የእናቱን መልክ፣ ውሻ የጌታውን ድህነት አይንቅም ይባላል። እሷ ያልናቀችውን ቤት እኔ ልናቀው?» ብለው ይስቁ ነበር።

ረፋዱ ላይ ሰዎቹ መጡ። ሦስቱ ከወረዳ የተላኩ ናቸው። አራተኛው የመንደሩ ሹም ዮንግኳን፣ የዴሹ የእህት ልጅ ነው። እናቱ ገና ዳዴ ሲል ስለሞተችበት ያደገው በዴሹ ምድጃ ዳር ነው። አሁን ዕድሜው አርባን አልፏል።

«ደህና አደሩ አጎቴ?» አለ፣ ዓይናቸውን ሳያይ።

«ደህና። ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ያው... ላይሺን ነበር።»

«ጠፍታለች። ከትናንት ወዲያ እንደወጣች አልተመለሰችም።»

ከወረዳ ከመጡት አንዱ የሲጋራውን አመድ እያራገፈ «የዘንድሮ ውሾች ቀን መቁጠር ተምረዋል መሰለኝ፤ በየቤቱ ከትናንት ወዲያ ነው የጠፉት» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ።

ዮንግኳን አልሳቀም። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አጎቴ ጠፋች ካሉ ጠፍታለች! ወደሚቀጥለው ቤት እንሂድ!» አለ።

ለመርዳት ብሎ ነው የጮኸው። ግን ላይሺ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ በመጣ ቁጥር ከኪሱ የደረቀ ሥጋ ያወጣላታል። ከማገዶው ሥር ጮኸች። የቁጣ ጩኸት አልነበረም፤ ወዳጅ ስትቀበል የምታሰማው ቀጭኑ፣ የሚንቀጠቀጠው ድምፅ ነበር።

ከዚያ ባለሲጋራው ወደ ጓሮ አለፈ፤ ማገዶውም ተነሳ።

«እኔ ልውሰዳት» አለ ዮንግኳን። ገመዱን ከሰውየው እጅ ተቀብሎ አንገቷ ላይ አጠለቀላትና ወደ ቀርከሃው ጫካ ይዟት ሄደ። ጭራዋን እያወዛወዘች ተከተለችው። ዴሹ ደፉ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ይዘው ቀሩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከእህታቸው ልጅ ጋር ቃል አልተለዋወጡም። መንደሩም ጸጥ አለ። ቀድሞ ሰው ከተራራው ሥር ሲመጣ ውሾቹ እየተቀባበሉ ያሳውቁ ነበር፤ አሁን እንግዳ ድንገት ደጃፍ ላይ ቆሞ ይገኛል። እሱም ቢሆን የሚመጣው ስንት ጊዜ ነው? ሽማግሌው ከራታቸው ትርፍራፊ ሰብስበው ብድግ ካሉ በኋላ ነው ለማን እንደሆነ ትዝ የሚላቸው። ያኔ መልሰው ይቀመጡና ሳይርባቸው ይበሉታል።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ሩዙ ቢጫ ሆነ፤ አዲሱ ሩዝ የሚቀመስበት ቀን ደረሰ።

በሺቻ አዲሱን ሩዝ ከሁሉ በፊት የሚበላው ውሻ ነው። በጥፋት ውሃ ዘመን ዘር ሁሉ ተጠርጎ ሲሄድ፣ ውሻ ከወዲያ ማዶ እህል ላይ ተንከባሎ ዋኝቶ መጣ። ገላው ላይ የተጣበቀውን እህል ውሃው አጠበው፤ ቀጥ አድርጎ የያዘው ጭራው ጫፍ ላይ የቀሩት ጥቂት ፍሬዎች ግን ተረፉ። ሰው ሩዝ ያገኘው ከእነሱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳህን ለውሻ፣ ቀጥሎ ለሞቱት፣ ከዚያ ለሰው ይቀርባል። የዴሹ አባት እንዲያ አደረጉ፤ አያታቸውም እንዲያው።

ጎረቤታቸው እማማ ዉ በአጥር ላይ ብቅ ብለው፣ «እኔስ ለድመቷ ሰጥቼ ተገላገልኩ። ምን ላድርግ?» አሏቸው።

«ድመቷ መዋኘት ትችላለች?»

«እንኳን መዋኘት፣ ጤዛ ሲነካት ትሸሻለች።»

«እንግዲያው የውሻው ዕዳ ለማን ተከፈለ?»

እማማ ዉ ወደ ቤታቸው ገቡ። ያን ዕለት ጓንግፋም ደወለ። «አባባ፣ ይብሉ እንጂ! እኛ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ከከረጢት ነው የምንበላው፤ የትኛው ውሻ ቀምሶት ያውቃል?»

«አንተስ ጣዕም የለውም እያልክ አይደል ሁልጊዜ የምታማርረው?»

ሽማግሌው አዲሱን ሩዝ ሳይነኩ ሦስት ቀን ስኳር ድንች ብቻ በሉ። በአራተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ጥቂት የሩዝ ዛላ ቆረጡ፤ ወቅጠውና ፈትገው በእንፋሎት አበሰሉት። አንድ ጭብጥ በቅጠል ጠቅልለው በቅርጫት ያዙና ወደ ተራራው መሻገሪያ፣ ወደ ቁራ በር አቀኑ። ከዚያ በር ማዶ ሌላ ወረዳ ነው፤ ትእዛዙ እዚያ አልደረሰም።

የመንገዱ እኩሌታ ላይ ሞተር ብስክሌት ከኋላቸው መጣ። ዮንግኳን ነበር።

«አጎቴ፣ ይውጡ፤ እኔ ላድርስዎ። ወደ ማዶ እንደሚሄዱ እማማ ዉ ነግረውኛል።»

ሽማግሌው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሱም ሞተሩን በቀስታ እየነዳ ጎን ለጎን ሄደ። «በዚህ ጉልበት አራት ሰዓት መንገድ? ቢያንስ ቅርጫቱን ልያዝልዎ።»

«ቅርጫቱ አይከብድም» አሉ።

በስድስት ሳምንት ውስጥ ለእሱ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነበር። መንገዱ ለሞተር ሲጠብ፣ ዮንግኳን ሞተሩን አንድ ምንጭ ዳር አቁሞ በእግሩ ተከተላቸው። ቁራ በር ሲደርሱ ሁለቱም ደክመው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ።

«እነሱ ቢይዟት በዱላ እየተቀባበሉ ነበር የሚገድሏት» አለ ዮንግኳን ወደ ሸለቆው እያየ። «ሌሎቹ ላይ አይቻለሁ። እኔ አንዴ ነው የመታኋት። አንዴ ብቻ።»

«ጭራዋን ታወዛውዝ ነበር?»

«አዎ።»

ነፋሱ ሣሩን አጋደመው። ዴሹም፣ «ስለገደልካት አይደለም የማላናግርህ» አሉ። «ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። እኔ ግን አብሬያት አልሄድኩም። ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንተን ባየሁ ቁጥር ያ ነው የሚታየኝ።»

ዮንግኳን ቅርጫቱን አንስቶ አቀበላቸው።

«በል አሁን ተመለስ። የቀረውን ብቻዬን ልሂደው» አሉት። ተመለሰ።

ከቁልቁለቱ ግርጌ የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ በቆሎ ተሰጥቷል። በሰንሰለት የታሰረ ቢጫ ውሻ ሊበላቸው ተነሳ። ሽማግሌው ድምፁን ሲሰሙ ቆም አሉ፤ ውሻ ሲጮህ ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው!

ሃምሳ የሚሆናት ሴት ወጣች። «ሻጭ ከሆኑ አንገዛም!»

«ሻጭ አይደለሁም እህቴ። ውሻሽን አዲስ ሩዝ ላብላው ብዬ ነው።»

«ምን? ከየት ነው የመጡት?»

«ከሺቻ።»

ፊቷ ተለወጠ። «ውሻ ከሚፈጀው አገር! ታዲያ ሩዙ ውስጥ ምን ጨምረውበታል?»

«ምንም።»

«እስቲ ይቅመሱት።»

ዴሹ እጃቸውን ወደ ቅጠሉ ሰደዱ፤ ግን መለሱት። «አልችልም» አሉ። «ውሻ ሳይቀምሰው እኔ አልበላውም። ለእሱ ብዬ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣሁት።»

ሴትዮዋ እኚህን ፀጉረ ነጭ፣ ጫማቸው ጭቃ የሆነ ሰው አፍጥጣ አየቻቸው። ከዚያ ከጥቅሉ ጥቂት ፍሬ ቆንጥራ ለአንዲት ዶሮ በተነችላት። «ዶሮዋ ካልሞተች እናያለን።»

«በልማዳችን ስለ ዶሮ የተባለ ነገር የለም፤ ትብላ» አሉ ዴሹ በቁም ነገር።

ተቀምጠው ዶሮዋን ጠበቁ። ሴትዮዋ ሻይ ሰጠቻቸው። ባሏ የባቡር መንገድ ዋሻ ቁፋሮ ላይ ነው፤ ከመጣ ሁለት ዓመት ሆነው። ሽማግሌውም ስለ ላይሺ ነገሯት፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለዚያች ጩኸት። ሴትዮዋ አላጽናናቻቸውም። ሻይ ጨመረችላቸው። ዶሮዋ በቆሎው ላይ ወጥታ ትጭር ጀመር።

«ይሂዱ፣ ይስጡት» አለች።

ውሻው ሩዙን በሦስት ጉርሻ ጨረሰው። ቅጠሉን ላሰ፤ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው ወደ ጥላው ተመለሰ።

«በፀደይ የጎረቤቴ ውሻ ትወልዳለች፤ አንድ ቡችላ ልያዝልዎ?»

«ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው እህቴ። ብቻውን ደጃፍ ላይ የሚቀር አንድ ጨምሬ ልሂድ?»

ቤታቸው ሲደርሱ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበር። ቤት ትተውት የሄዱትን ሩዝ እንደገና በእንፋሎት አሞቁት። ለአባታቸው፣ ለእናታቸውና ለላንዪንግ ሳህን አቀረቡ። ከዚያ ለራሳቸው ቀድተው በሉ። ውሃ ስላነሰው ትንሽ ደርቋል፤ ሆኖም ሳህናቸውን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ጨረሱት።

በማግስቱ ድስቱ ውስጥ የቀረውን በሳህን ከድነው ወደ ዮንግኳን ቤት ወሰዱ። ሰው አልነበረም፤ ደፉ ላይ አስቀምጠውለት ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ታጥቦ የገዛ ደጃፋቸው ላይ አገኙት። ማን መቼ እንዳመጣው አልሰሙም፤ የሚጮህ የለማ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ ይነጋገራሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ አጨዳ። ብዙ አይደለም።