ሁለቴ የተቆረጠው ጽጌረዳ

እኔ ድሮም አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ያን ሰሞን ደግሞ ባሰብኝ። ልብስ ስፌት ቤቴ ውስጥ መርፌ ላይ ክር እያስገባሁ ልቤ ከቤታችን ጓሮ ነበር። ጓሮው ውስጥ እናታችን የተከለችው ጽጌረዳ አለ፤ ከአልጋዋ ሆና በመስኮት የምታየው እሱን ብቻ ነው። ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በፊት "ሁለት ወር ካገኘች ትልቅ ነገር ነው" ብሎናል። እሷ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በብርዱ ሲያብብ ማየት።

ጽጌረዳ በብርድ እንዲያብብ ብርዱ ሳይጠና መገረዝ አለበት። ቅርንጫፉ ከተቆረጠ በኋላ አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ እስኪያብብ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ይህን ለእኔም ለታናሽ እህቴም ያስተማረችን ራሷ እማዬ ናት። እህቴ አስተማሪ ናት። አንድ ቤት እየኖርን ከተኳረፍን ሦስት ወራችን። ምክንያቱን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ሳታማክረኝ የእማዬን አልጋ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ልክ ነበረች፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

እሁድ ጠዋት እሷ ገበያ ስትሄድ መቀሱን ይዤ ወጣሁ። ወደ ውጭ ከሚያየው ቡቃያ በላይ ሰያፍ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ቁርጥራጩን ጠራርጌ ጣልኩ። ለእህቴ ትንፍሽ አላልኩም። ምን በወጣኝ?

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። ጠዋት አየዋለሁ፤ ምሳ ሰዓት ደንበኛ ጥዬ እየሮጥኩ መጥቼ አየዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ቀያይ ቀንበጦች ጣት አከሉ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አንዱም የለም። ጽጌረዳው እስከ ጉልበቴ ዝቅ ብሎ ተቆርጧል፤ ሰያፍ ነው፣ ንጹሕ ነው። የማን እጅ እንደሆነ አወቅኩ።

ደሜ ፈላ። እየተንደረደርኩ እማዬ ክፍል ገባሁ። እህቴ ሾርባ እያጠጣቻት ነበር።

"ምን አድርጌሽ ነው?" አልኳት። በሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ቃሌ ነው።

"ምኑን?"

"ጽጌረዳውን። ገርዤው ነበር እኮ።"

ማንኪያው እጇ ላይ ቀረ። "ረጅም ስለሆነ ያልተነካ መስሎኝ..."

"እኔ ከፍ አድርጌ እንደምቆርጥ ታውቂያለሽ።"

"እንደቆረጥሽ ማን ነገረኝ? አፍሽን ለጉመሽ!"

ሁለታችንም በልባችን ቆጠርን። ከዛሬ ስድስት ሳምንት ማለት ሐኪሙ ካለው ቀን ያልፋል። ብርዱም ገብቷል፤ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ወደ እማዬ ዞርኩ።

"ከመስኮቱ እያየሽ ነበር አይደል? ስትቆርጠው ለምን ዝም አልሽ?"

"አየኋት" አለች እማዬ ቀስ ብላ። "መስታወቱን ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። ኋላ ተውኩት። ትቁረጠው፤ ይጣላሉ፤ ሲጣሉ እንኳ ይነጋገራሉ አልኩ።"

"አበባውስ?"

"አበባ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ ልጄ። የሁለታችሁን ድምፅ አንድ ላይ ከሰማሁ ግን ሦስት ወር ሆነኝ።"

ማልቀስ ስለማልወድ እህቴን ጠመድኳት።

"ደግሞ ጽጌረዳን እስከ ጉልበት የሚቆርጥ ማን ነው?"

"እማዬ ናት እንደዚያ ያስተማረችኝ" አለች እንባዋን እየጠረገች።

"አላስተማረችሽም።"

"አስተምራኛለች።"

እማዬ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠናለች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።