አቶም፣ ፀሐይና የመጨረሻው ልጄ

በመንደራችን ከኔ በላይ አቶም የወደደ ሰው አልነበረም። አቶም ምንድን ነው ብትሉኝ ግን አላውቅም፤ ይብላ ይጠጣ፣ ይብረር ይሂድ የማውቀው ነገር የለኝም። እኔ የማውቀው ልጄን ነው። ልጄ ኤርሳይን ቱርክ አገር፣ ባሕር ዳር፣ የአቶም መብራት ኃይል ጣቢያ ሲሠራ ብረት ይበይዳል። እዚህ ባልካሽ ሐይቅ ዳር ጣቢያ ከተሠራ ደግሞ እዚሁ ይበይዳል። በቃ፣ የኔ ፖለቲካ ይኸው ነው።

መንደራችንን ራሱን የወለደው መብራት ነው። በሶቪየት ጊዜ ትልቅ ጣቢያ ልንሠራ ነው ብለው ፎቅ ደረደሩ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ እኛን ወጣቶቹን ከየአገሩ ሰበሰቡ። ጣቢያው ሳይሠራ መንግሥቱ ፈረሰ። እኛ ቀረን። ዛሬ የፎቃችን ግማሽ መስኮት በሳንቃ የተመታ ነው፤ ነፋሱ ባዶ ቤቶቹ ውስጥ እየገባ ያፏጫል። ታላላቆቹ ልጆቼ ትልቁ ከተማ አልማቲ ገቡ፤ ይግቡ፣ ታላቅ መሄዱ ወግ ነው። የመጨረሻው ወንድ ልጅ ግን የአባቱን ቤት ይይዛል። ምድጃው የሱ ነው፣ እኛንም የሚቀብረን እሱ ነው። ኤርሳይን ሲሄድ «እማዬ፣ እዚህ ጣቢያ ይጀመር እንጂ በሩ ላይ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ» ብሎኛል። በዚህች ቃል ነበር የምኖረው።

ባሌ ቶሌገን ደግሞ የሰሜይ ሰው ነው፤ ሶቪየቶች የአቶም ቦምብ ይሞክሩበት ከነበረው አገር። ልጅ ሳለ ወታደሮች ከቤት እያስወጡ ቦይ ውስጥ ያስተኟቸው ነበር፤ ከዚያ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። እህቱ ኩላን ሳታገባ ደሟ ታሞ ሞተች። እንግዲህ እሱ ፊት «አቶም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገምቱት። እሱ የሚወደው ፀሐይን ነው። በጎቹ ከሚያድሩበት ጉረኖ ጣሪያ ላይ የሶላር ሰሌዳ ሰቅሎ በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውለዋል። እኔን እንዲህ ወልውሎኝ አያውቅም።

ዘንድሮ የመንግሥት ሰዎች መጡና «ከመንደሩ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ወይ የአቶም ጣቢያ ወይ የሶላር መስክ ይሠራል፤ ስብሰባ ጠርተን ሐሳባችሁን እንሰማለን» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ጦር ሜዳ ሆነ።

«ፀሐይህ ሲመሽ የት ነው የምትሄደው?» እለዋለሁ።

«እናትሽ ቤት።»

«በረዶው ሳምንት ሙሉ ሲጥልስ? አምና ሰሌዳህን ስትጠርግ ከጣሪያ ወድቀህ ወገብህን ማን አሸልህ?»

«አንቺ። እሱንም እየተሳደብሽ» ይላል። «እኔ ብወድቅ ወገቤ ነው የሚሰበረው። ያንቺ አቶም አንድ ቀን ቢወድቅ ግን ሐይቁ፣ ዓሣው፣ ገና ያልተወለደው ሁሉ ነው አብሮት የሚሄደው። ደግሞ ፀሐይ ከሐይቁ አንድ ጭልፋ አትለምንም። ያንቺው ግን ሙቀቱን ለማብረድ ሐይቁን ይጠጣል።»

«የሶላር መስክ አንድ ዘበኛና አንድ ውሻ ይበቃዋል! ልጄን ለዘበኝነት ልጥራው? አቶም ሺህ ሰው ይፈልጋል። ሺህ ሰው፣ አንተ ሽማግሌ! ይኼ ሁሉ የተመታ መስኮት ይከፈታል።»

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ጨርቁን አንስቶ ወደ ሰሌዳው ይወጣል። እሱም ልጁ ናፍቆታል፤ ወንድ ስለሆነ ብቻ ነው የማይናገረው።

ስብሰባው ሳምንት ሲቀረው ኤርሳይን ለእረፍት መጣ። ከአውቶቡስ ሲወርድ አንገቱ ሥር ገብቼ እንደ ሕፃን አሸተትኩት። የማላውቀው ሳሙና ሸተተኝ። ቶሌገን በግ አረደ፤ ጎረቤታችንን ሽማግሌውን ዱይሰንን ጠራነው። ዱይሰን ገና ጫማውን ሳያወልቅ ቢላውን መፈለግ ጀመረ።

«የበግ ራስ ለእንግዳ ነው» አለ እየሳቀ። «እናንተ ሦስታችሁ የቤት ሰዎች ናችሁ። ስለዚህ ሳልወድ በግዴ እበላዋለሁ።»

ሻይ ቀዳሁ። ልቤ ግን አላስቀመጠኝም፤ ምስክሬ ቤቴ ገብቶ እንዴት ዝም ልበል? «ኤርሳይን፣ አንተ ሥራው ውስጥ ነህ» አልኩት። «እስቲ ለአባትህ ንገረው። ፀሐይ ይሻላል አቶም?»

«ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው፣ እማዬ።»

«ወይ ጉድ! ይኼ ልጅ ሹም ሆኖ መጣ!» አለ ዱይሰን።

ኤርሳይን ፈገግ አለና ሲኒውን አስቀመጠ። «የሶላር መስክ ዘንድሮ ቢጀመር ለከርሞ ያበራል። ርካሽ ነው፣ ቢበላሽም ሰው አይገድልም። ግን ለማታና ለበረዶ ወራት ሌላ አጋዥ ይፈልጋል። አቶም ቀን አይል ሌሊት፣ ብርድ አይል ሙቀት፣ ይሠራል። ግን ውድ ነው፤ መርዛም አመዱን ደግሞ የልጅ ልጆቻችን ልጆች ሲጠብቁት ይኖራሉ። ሥራውም ረጅም ነው። ዛሬ እሺ ቢባል፣ መብራቱ እስኪበራ የኔ ፀጉር ይሸብታል።»

«ይሸብት! እዚሁ ይሸብት!»

ኤርሳይን ሲኒውን በጣቱ ማዞር ጀመረ።

«በሩ ላይ የመጀመሪያው እኔ ነኝ አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ።» ዓይኑን ከምንጣፉ ላይ አላነሳም። «እማዬ፣ እዚያ ቤት ይዣለሁ። የማገባት ልጅም አለች፤ የዚያው አገር ልጅ ናት። ይህን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።»

እንኳን ደስ ያለህ ማለት ነበረብኝ። አፌ እንቢ አለኝ። ተነስቼ ወደ ማድቤቱ ሄድኩ፤ ሥጋውን በተቀቀለው ሊጥ ላይ ገለበጥኩ፣ የበጉን ራስ አናቱ ላይ አስቀመጥኩ፣ ትሪውን ባሌ ፊት አቀረብኩ። ዱይሰን ቢላውን ጠርጎ ተዘጋጅቷል። ቶሌገን የበጉን ራስ በሁለት እጁ አነሳ። አዞረው። አዙሮም ልጃችን ፊት አስቀመጠው።

«አንተ ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ?» ብሎ ዱይሰን ጮኸ። «አባቱ በሕይወት ቁጭ ብሎ ልጅ ራስ ይይዛል? ሞትህን ነው የምትጠራው?»

«ራስ ለእንግዳ ነው አልክ እኮ» አለ ቶሌገን ቀስ ብሎ። «እንግዳ ይመጣል፣ ይከበራል፣ ይሄዳል። ለምን አልቀረክም ተብሎ አይወቀስም። ብላ ልጄ።»

ተቆጥቶ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ቁጣ የለበትም። ልጁን ከምድጃው አደራ እየፈታው ነበር፤ እኔን ሳያማክር፣ ሰው ፊት፣ እንዳልመልሰው አድርጎ።

«አባዬ፣ እንዲህ አታድርገኝ» አለ ኤርሳይን፤ ያን የሚያህል ሰውዬ አለቀሰ። እኔ እጁን ነበር የማየው። አሁን የበጉን ራስ ወደ ዱይሰን ይገፋዋል፣ «እኔ የቤት ልጅ ነኝ» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አልገፋውም። እንባውን በክንዱ ጠረገና ቢላውን አነሳ።

በሦስተኛው ቀን ሄደ። ስብሰባው የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ። ክራባት ያሰረ ወጣት ሹም ከፊት ተቀምጦ ነበር።

«እናቴ፣ እርስዎ የአቶም ጠበቃ ነዎት ሲሉ ሰምተናል» አለኝ። «እስቲ ይናገሩ።»

ተነሳሁ። ያ ሁሉ ስሟገትበት የከረምኩት ነገር ከአፌ ጠፋ። ለካ እኔ መብራት ፈልጌ አላውቅም፤ ለሁለት ሽማግሎች አንድ አምፖል ይበቃል። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ በሆዴ የነበረው ወጣ።

«ልጄ፣ ከሁለቱ፣ ሰው ወደ ቤቱ የሚመልሰው የትኛው ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሹሙም ሳቀ። «እናቴ፣ ይኼ በጥናቱ ውስጥ የለም» አለ።

ቶሌገን አልሳቀም። በትሩን ተደግፎ ከጎኔ ተነሳ፤ በስብሰባ ላይ ሲናገር በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም።

«የሚመልሰው አቶም ከሆነ» አለ፣ «እኔም እጄን አወጣለሁ።»