ወይዘሪት በረንዳ ያደረች ጊዜ

እና ታዲያ በየት በኩል ገባች፣ አንሶላውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማለች፣ እርጥብ ነው፣ መሃሉ ላይ ገና ለብ ያለ፣ የበረንዳውን በር ታያለች፣ ትናንት አመሻሽ ላይ ራሷ ነች የቀረቀረችው፣ እንደተቀረቀረ ነው፣ ከመስታወቱ ወዲያ ድመቷ ቁጭ ብላ አፏን ትከፍትና ትዘጋለች፣ ድምፅ የለም፣ ጮሃ ጮሃ ጉሮሮዋ ሳይዘጋ አልቀረም። ድመት በመስታወት አታልፍም። መቀርቀሪያም አትከፍትም። ድመት ናት እንጂ ጅኒ አይደለችም።

ታዲያ ማን።

ማን የሚለውን ትተወውና አንሶላውን ትጠቀልላለች፣ እርጥቡን ወደ ውስጥ፣ ደረቁን ወደ ውጭ፣ እጇ ያውቅበታል፣ ዕድሜዋ ያለቀው ላውንደሪ ውስጥ የሆቴል አንሶላ ስትጠቀልል ነው፣ ፍራሹን ትዳስሳለች፣ ፍራሹም ጠጥቷል፣ አልጋው የአባቷ ነው፣ እሳቸው ግን ክፍሉ ውስጥ የሉም፣ ከሳሎን ሲያስሉ ይሰማታል፣ ዛሬ ደግሞ ምን አስነሳቸው በማለዳ፣ ሌላ ጊዜ እሷ ሻይ አፍልታ እስክትጠራቸው አይነሱም።

ድመቷን ያመጣችው ለእሳቸው ብላ ነው፣ ይሄን ማንም አይክዳትም። እናቷ ካረፈች በኋላ አባቷ ወደ እሷ ቤት ሲመጡ፣ እሷ ሥራ ስትውል እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ሲያዩ ይውሉ ነበር፣ ሐሳቡን ያመጣችው እንፋሎት ናት፣ እንፋሎት የሚሏት ላውንደሪ ውስጥ የመተኮሻውን ማሽን የምትይዘዋን ጓደኛዋን ነው፣ ስትናደድ እንደ ማሽኑ ነው የምትተነፍሰው፣ አንቺ፣ ለአባትሽ ድመት አምጪላቸው፣ ድመት አታወራም፣ ግን ደህና አድርጋ ትሰማለች፣ አለቻት፣ እውነቷን ነበር፣ አባቷ ያቺን ጭብጥ የማትሞላ ፍጡር ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወይዘሪት አሏት፣ ወይዘሪት፣ ቁርስ ቀመሱ ወይስ እንዲሁ ኖት፣ እያሉ በአንቱታ ሲያናግሯት ቤቱ ሰው የገባበት መሰለ።

የእንስሳት ሐኪሟ ሁሉንም ነግራታለች፣ አልነገረችኝም ብትል ውሸት ነው። የአሸዋውን ሳፋ ጸጥ ያለ ጥግ አድርጊው፣ ምግቧ አጠገብ እንዳይሆን፣ በልታ ስትጨርስ ወስደሽ አሸዋው ላይ አቁሚያት፣ ቀሪውን ራሷ ታውቀዋለች፣ ያደረገችውን በየቀኑ እየዛቅሽ ጣይ፣ ብትሳሳት አትምቻት፣ አትጩሂባት፣ ሽታ ያለው ነገር ደግሞ በጭራሽ። እሺ እሺ ብላ ወጣች። ለቀባሪው አረዱት፣ እሷን ነው ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩት፣ ሳፋውን ጠዋት በበረኪና፣ ማታ በበረኪና፣ በዚያ ላይ ከላውንደሪ ያመጣችውን የልብስ ማለስለሻ ጠብ ጠብ ስታደርግበት አሸዋው የሙሽራ አልጋ ሸተተ፣ ወይዘሪት ሳፋው ጠርዝ ድረስ ትሄድና አስነጥሷት ትመለሳለች፣ ከዚያ በሩ ሥር ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ። እሷም ማጅራቷን ይዛ አፍንጫዋን እርጥቡ ላይ አሸችው፣ ልጄ ተዪያት እንጂ፣ አባቷ እያዩ፣ ልጄ ተዪያት፣ እሷ ግን መች ሰማች። ሲብስባት ተመልሳ ሐኪሟ ዘንድ ሄደች፣ ሐኪሟ በሳቅ ሞተች፣ አንቺዬ፣ እንደዚያ የሚሰነፍጥ ቦታ እኔም ብሆን አልቀመጥም፣ ለብ ያለ ውሃና ሽታ የሌለው ሳሙና ይበቃታል፣ አለቻት። እንደተባለችው አደረገች፣ ወይዘሪት አሸዋው ላይ ወጣች፣ ጫረች፣ አደረገች፣ ዞራ አሽትታ ቀበረች፣ አባቷ ከወንበራቸው ሆነው አጨበጨቡላት።

ከዚያ ወዲህ ምንጣፉ ረጥቦ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ የሚረጥበው የአባቷ አልጋ ነው።

ድመቷ ናት ያለው ማን ነበር፣ እሳቸው ናቸው እንዴ፣ አይደሉም፣ እሷ ናት፣ ገና አንሶላውን ስትገልጥ፣ ይቺ ድመት ደግሞ አመል አወጣች፣ አለች፣ እሳቸው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፣ ተዉትና ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ ይሆናል፣ አሉ። ይሆናል ነው ያሉት፣ ናት አላሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሻይ አልፈልግም ማለት፣ ውሃ ስታቀርብ ገፋ ማድረግ፣ ይሄን ሁሉ እያየች ሽማግሌ ሲባል መቼም ግትር ነው ብላ አለፈችው፣ እሷ ደንቆሮ።

አፍንጫዋስ። ላውንደሪ ውስጥ በአፍንጫ እሷን የሚያህላት የለም፣ ልብስ ሲመጣ ማሽን ከመግባቱ በፊት ለእሷ ነው የሚያቀርቡላት፣ አሽትታ ይሄ ቢራ ነው፣ ይሄ ሕፃን ያለበት ክፍል ነው፣ ይሄ የታመመ ሰው የተኛበት ነው ትላለች፣ አንድም ቀን ስታ አታውቅም፣ የድመት ሽንት ደግሞ ያ ዓይን የሚያስነባው፣ ከምንጣፉ ላይ ስንት ጊዜ የፈተገችው፣ እሱ እኮ አልጋው ላይ አልነበረም፣ አንድም ቀን አልነበረም፣ እና ታውቂ ነበር ማለት ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ታውቂ ነበር አንቺ፣ አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም፣ ድመት ብትሆን ይሻልሽ ነበር፣ ድመት ትሸኛለች፣ ድመት በካርቶን ትሄዳለች፣ አባት ግን እዚህ ከደረሱ አረጁ ማለት ነው፣ አርጅተው ደግሞ እንደ እናትሽ ጥለውሽ ሊሄዱ ማለት ነው፣ ይሄን ከምታስቢ ድመቷን በማጅራቷ ማንጠልጠል ቀለለሽ።

ትናንትማ፣ ትናንት ባይነሳ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ፣ ወገቧ ተቆርጦ ገብታ፣ አንሶላው እንደገና፣ ወይዘሪትን አንጠልጥላ ሳሎኑ መሃል፣ አባቷ ፊት፣ ሽንቱን የማይዝ ፍጡር እኔ ቤት አያድርም፣ ብላ ጮኸች፣ ነገ ከዚህ ቤት ይወጣልኛል፣ ብላ ጨመረች፣ እሷኑ ከነሳፋዋ በረንዳ አውጥታ ቀረቀረችባት፣ እዚያው ቆማ ለእንፋሎት ደወለች፣ ጠዋት ካርቶን ይዘሽ ነይና ውሰጅልኝ፣ አለቻት። አባቷ ሌላ ጊዜ ተዪያት እንጂ ይሉ ነበር፣ ትናንት ግን እጃቸውን ያዩ ነበር። ምን አለበት ድመት ብትል፣ ይቺ ድመት ብትል፣ ፍጡር ብላ ቁጭ፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ።

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር እኮ ነበሩ። ልጅ ሆና አንዴ ይዘዋት ሄደው፣ ከጀርባቸው ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አባባ ያቁሙልኝ ማለት አፍራ፣ አፍራ፣ ቀሚሷ ሲረጥብ፣ አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ውይ ይቺ ልጅ ብላ ስትሸሽ፣ አውቶቡሱን ጥግ አስያዙና የሚጠጡትን ውሃ እንዳለ ጭኗ ላይ ደፉባት፣ ይቅርታ ልጄ፣ ውሃ ደፋሁብሽ፣ አሉ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ ምን ዓይነት ቀልበ ቢስ ሾፌር ነው ብሎ ተሳፋሪው ሁሉ በእሳቸው ሳቀ። በእሷ የሳቀ አልነበረም።

እሳቸው እንደዚያ፣ እሷ ደግሞ እንዲህ።

እንግዲያው እሷም ትዋሻለች፣ መቼም ይሄ አያቅታትም፣ አንሶላውን ብብቷ ሥር ወሽቃ የበረንዳውን በር ትከፍታለች፣ ሳፋውን በዓይኗ ትቃኛለች፣ አሸዋው ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ጉብታ፣ ጥርት ተደርጋ የተቀበረች፣ ወይዘሪት እሷን ዞር ብላም ሳታይ በእግሮቿ መሃል ሾልካ ወደ ሳሎን፣ ተከትላት ትገባለች፣ አባቷ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ድመቷ ዘላ ጉልበታቸው ላይ ወጥታለች፣ ይቺ ድመት ዛሬም፣ ትላለች፣ ድምጿ ደንቆሮ እንደሚያናግር ሰው ከፍ ብሎ፣ ሌሊት በረዳት ብዬ አስገብቻት ነበር፣ ይኸው እንደ ልማዷ፣ ግን ምንም አይደል አባባ፣ ድመት አይደለች፣ ቀስ እያለች ትማራለች፣ እንዲያውም ለማንም አልሰጣትም፣ እዚሁ ትሆናለች።

አባቷ የድመቷን ጆሮ ይዳብሳሉ።

አላስገባሻትም ልጄ፣ ይላሉ፣ ስትጮህ ነው ያደረችው፣ ሰምቻታለሁ፣ ተነስቼ ልከፍትላት ነበር፣ ከተነሳሁ ግን ትሰሚያለሽ፣ እንደዚያ ሆኜ እንዳታዪኝ ፈራሁ፣ ትራሱን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተኛሁባት፣ እኔም በድያታለሁ።

አባባ እሱ እኮ፣ ትላለች፣ አንሶላውን ብብቷ ሥር ይበልጥ ትወሽቃለች።

ለጓደኛሽ ደውለሽ አትልፊ በያት፣ ወይዘሪት ምንም አላጠፉም። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ ያልሽውንም ሰምቻለሁ፣ ቤቱም ያንቺ ነው፣ አልቀየምሽም። አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ብቻ ታክሲ ጥሪልኝ፣ ይላሉ፣ ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ የሚባል የለም፣ ወራጅ አለ እንደሚል ሰው ነው የሚሉት፣ ያን ጊዜ ነው ኮታቸውን የምታየው፣ ከላይ እስከ ታች ተቆልፏል፣ ከወንበሩ አጠገብ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ሻንጣ አለ፣ ጫማቸውን አድርገዋል፣ እንዴት እስከ አሁን አላየችም፣ ቆማ ስትዋሽላቸው ኮት ለብሰው ሲሰሟት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ብብቷ ሥር ያለው አንሶላ ይወድቃል፣ ትንበረከካለች፣ የጫማቸውን ክር ትይዛለች፣ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፣ ረጅም መንገድ እንደሚሄድ ሰው፣ ጥፍሯ አልገባ ይላታል፣ ተዪው ልጄ ይላሉ፣ አትተወውም፣ ይቅርታ ትበል እንዴ፣ ይቅርታ ሰው ሲገፉ ነው የሚባለው፣ እግር ሲረግጡ፣ ለእንዲህ ያለው ምን ይባላል፣ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገራት፣ በሩ ይንኳኳል፣ እንፋሎት ናት፣ አንቺ ክፈቺ እንጂ ካርቶኑ ከበደኝ፣ አባቷ ሊነሱ ይላሉ፣ በሁለት እጇ እግራቸውን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች፣ የትም አይሄዱም አባባ፣ የትም፣ ክሩ ይላላል፣ ጫማው ይወልቃል፣ ካልሲ የለም፣ ባዶ እግራቸውን ነው ያሰሩት፣ ካልሲያቸው የት እንዳለ መጠየቅ አያስፈልጋትም፣ እሱም ረጥቦ ነው፣ በሩ ይንኳኳል፣ ይንኳኳ፣ እግራቸው መዳፏ ላይ ነው፣ በረዶ ነው፣ ቀዝቅዘዋል እኮ አባባ፣ ትላለች፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የቀዘቀዙት፣ ለምን አልነገሩኝም፣ ለምን እንዳልነገሯት ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እና እየዳበሰች እግራቸውን ታሞቃለች።