የስብራቱ ፊት

ልጄ ብረቱን የጠየቀችኝ ጨው አቀብዪኝ እንደማለት አድርጋ ነው። ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "እማ፣ ያ የአባዬ ብረት አለ አይደል? ለመመረቂያ ጥናቴ ፈልጌው ነበር" አለች።

ታሪክ አስተማሪ ነኝ። ሰው ቀለል አድርጎ የሚያነሣው ነገር ብዙ ጊዜ ከባዱ እንደሆነ ከተማሪዎቼ ተምሬያለሁ። ፎጣውን አጥፌ አስቀመጥኩና ጠበቅኋት።

"ሰማሽኝ?"

"ሰምቻለሁ። ምን ልታደርጊው?"

"እንዴት እንደተሰበረ ላይ። ማቴሪያል ሳይንስ እኮ ነው የምማረው፤ የመጨረሻው ዓመት ላይ እያንዳንዳችን አንድ የተሰበረ ነገር ይዘን ለምን እንደተሰበረ እናጠናለን። ሌሎቹ የወፍጮ ጥርስ፣ የመኪና ሞላ፣ የበር ማጠፊያ አምጥተዋል።"

"አንቺ ደግሞ አባትሽን።"

ቧንቧውን ዘጋችው። "ብረቱ መጥፎ ነበር፣ እማ።"

"ሳታዪው እንዴት አወቅሽ?"

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!"

ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ከመሰላል ወድቆ ቅልጥሙ ሲሰበር አጥንቱ እስኪጋጠም ድረስ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ አይዝጌ ብረት በብሎን አሰሩለትና እግሩን እንዳይረግጥ ነገሩት። ብረቱ እዚያው እግሩ ውስጥ እንዳለ ለሁለት ተሰበረ። እሱን ለማውጣት እግሩ እንደገና ተቀደደ፤ ቁስሉ አመረቀዘ፤ ከዚያ ሆስፒታል አብረን አልተመለስንም። ነርሷ ሁለቱን ግማሾች በትንሽ ከረጢት አድርጋ ሰጠችኝ።

ዘመድ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ አትርገጥ እየተባለ ረገጠ። መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ግን አላምንም ነበር። ባለቤቴ ቆጣሪውን በገዛ እጁ አጥፍቶ እንኳ ገመዱን በመሞከሪያ ሳይነካ ጣቱን የማይሰድ ሰው ነበር።

ከቁም ሣጥን ግማሾቹን የያዙትን ሁለት የጨርቅ ጥቅልሎች አመጣሁና ፈታኋቸው። የተሰበረበትን ቦታ ላሳያት ግማሾቹን ላገጣጥም ስል ልጄ በእርጥብ እጇ አንጓዬን ያዘችኝ።

"አታጋጥሚያቸው! የስብራቱ ፊት እርስ በርሱ ከተፋተገ ምልክቱ ይጠፋል። መጀመሪያ የሚያስተምሩን እሱን ነው፤ ሰው ሁሉ የተሰበረ ነገር ሲያገኝ ያጋጥማል።" ጎንበስ ብላ አየቻቸው። ዝገት የለም፣ ጭረት የለም። "በየብቻቸው የጠቀለላቸው ማን ነው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

"ሲንኳኩ ድምፃቸውን አልወደድኩትም።"

 ጥቅልሎቹን መልሼ አሰርኩና ብረቱ ካለኔ ከቤት እንደማይወጣ ነገርኳት።

"ዩኒቨርሲቲ እኮ ነው፣ እማ! ወላጅ ይዞ አይኬድም። ምን አጠፋሽ ይሉኛል!"

"ይበሉሽ።"

ቤተ ሙከራቸው የአሲድና የእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ሽታ አለው። በሩ አጠገብ ተማሪዎች በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ የብረት ቁራጭ ያለሰልሳሉ፤ ጣታቸው እስከ አንጓው ጠቁሯል። የልጄም ጣት እንዲህ ሆኖ ሲመጣ በሳሙና የማይለቅ ምን እንደሆነ ሳልጠይቃት ኖሬያለሁ። መምህሯን "አጉሊው" ይሉታል፤ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ አጉሊ መነጽር ስለሚያንጠለጥል።

"እንኳን ደህና መጡ፣ እናቴ" አለኝ። "ልጅዎ ካላባረርናት አትወጣም። አልጋ ላስገባላት አስቤአለሁ።" አንዱን ግማሽ በመቆንጠጫ አንሥቶ ማይክሮስኮፑ ሥር አስተካከለው። "የማን ነው?"

"የዘመድ" አለች ልጄ፣ ቶሎ ብላ።

አየኋት። እሷ ስክሪኑን ታያለች። አብሬያት መምጣቴ አሳፍሯት ይሆናል ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። አላሳመነኝም።

ስክሪኑ ላይ ግራጫ ሜዳ መጣ። ከአንድ የብሎን ቀዳዳ ዳር ተነሥተው እየሰፉ የሚሄዱ ቀጫጭን ቅስቶች ነበሩበት፤ ውኃ ሲመለስ አሸዋ ላይ ትቶት እንደሚሄደው ዓይነት።

"ብረት እንደ ሰው ይደክማል" አለ አጉሊው። "በአንድ ጊዜ ጭነት ቢሰበር ኖሮ ይሄ ሁሉ ሻካራ ይሆን ነበር። እዚህ ግን ስንጥቁ ትንሽ ሄደ፣ ቆመ። እንደገና ሄደ፣ ቆመ።"

"ቆመ ሲሉ?" አልኩት።

"ሰውየው አርፈዋል ማለት ነው። ይራመዳሉ፣ ያርፋሉ፤ ይራመዳሉ፣ ያርፋሉ። ስንት ጊዜ እንደሆነ ከዚህ ቆጥሬ አልነግርዎትም። ያንድ ቀን ነገር ግን አይደለም።" ሳቅ አለ። "ሐኪማቸውን በደንብ አድርገው ሸውደዋቸዋል።"

እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሌላ የማስቀምጥበት ቦታ አላገኘሁም።

"ብረቱ ውስጥ ባዕድ ነገር ቢኖርስ፣ ዶክተር?" አለች ልጄ። "ሲሠራ የገባ ቆሻሻ?"

"ከተነሣበት ቦታ ምንም የለም።"

"መሣሪያ ጭሮት ከሆነስ?"

"ጭረትም የለም።"

"ሌላኛውን ግማሽ ቆርጠን ውስጡን ብናየው?"

"እናየዋለን፤ የምናገኝ አይመስለኝም እንጂ። አንቺ ልጅ፣ ፈርደሽ ነው እንዴ ምርመራ የምትጀምሪው?" መነጽሩን ወደ ደረቱ ለቀቀው። "ደግሞ የብረቱን ታሪክ አላመጣሽልኝም። ማን ተሸከመው? እንዴት ተጠቀመበት? ያለዚያ ጥናት የለም። በዚህ ሳምንት ካላመጣሽ ሌላ ስብራት ፈልጊ።"

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቤት ደረስን።

ያን ጊዜ እኔ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ እሱ አልጋ ላይ። ብረቱ የተሰበረ ዕለት ሐኪሙ "ተራምደሃል?" ብሎ ሲጠይቀው "ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ብቻ" አለ። ኮሪደር ላይ ልጄን ጠየቅኋት። "ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ብቻ" አለችኝ። ሁለት ምስክሮች ቃል በቃል ከተስማሙ አስቀድመው ተነጋግረዋል ብዬ የማስተምር ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን አስተማሪ ለመሆን አቅም አልነበረኝም።

አሁን ሁሉም ተራ በተራ መጣ። ጠዋት ጠዋት ንጹህ ሸሚዝ ይጠይቀኝ ነበር። ጢሙን ይላጭ ነበር። አልጋ ላይ የሚውል ሰው ለማን ብሎ ነው የሚላጨው? "ዛሬ ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?" ይለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ናፍቆኝ ነው ብዬ ደስ እያለኝ እሄድ ነበር።

ከሕንፃችን ምድር ቤት ያለችውን ልብስ ሰፊ አሰብኩ። ሱሪው በፋሻው ላይ እንዲገባለት ጎኑን ተርትራ ያሰፋችለት እሷ ነች። ስንቀብረው ያለቀሰችው ለቅሶ ከጎረቤት ልክ ያለፈ መስሎኝ ነበር። የሞተ ባል ላይ መቅናት የሚባል ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር፤ አለ። ሰው ምግብ ሲያቀርብልህ እያላመጥክ፣ ተማሪ ሲጠይቅህ እየመለስክ፣ ከውስጥ ይበላል።

ምንም ያልሆነ ቀሚስ ይዤ ወረድኩ።

"ምን ሆነ ይሄ?" አለችኝ ልብስ ሰፊዋ።

"ጫፉ ላልቷል።"

"የቱ ጋ?" ጎተት ጎተት አደረገችው። ከዚያ አፏ ላይ የያዘችውን መርፌ አውጥታ የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካችው። "መምህርት፣ ቀሚስሽ ደህና ነው። አንቺ ነሽ ደህና ያልሆንሽው። በይ ጠይቂኝ።"

"ባለቤቴ እዚህ ይመጣ ነበር?"

"ይመጣ ነበር።"

"ምን ሊያደርግ?"

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እስክትንተከተክ ሳቀች። "እኔን! እኔን ነው የጠረጠርሽው! ሱሪ ስጠቅም ጎብጬ የቀረሁትን! አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽ ዓይን ነበረው እኮ!" ከዚያ እኔ እንዳልሳቅሁ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ክራንቹን ሊያስቀምጥ ነበር የሚመጣው።"

"ክራንቹን?"

በአገጯ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ኋላ ያለውን ጥግ አሳየችኝ። "አንቺ እንደወጣሽ እሱና ልጅሽ ይወርዳሉ። ክራንቹን እዚያ ያቆመውና እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል። ለሚያየው ሰው ልጁን አቅፎ የሚሄድ አባት ነው። ሲመለስ ብቻውን ነው፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ። እዚያ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ላቡ እስኪደርቅ ድረስ አያናግረኝም።"

"ወዴት ነበር የሚሄዱት?"

"ልጅሽን ጠይቂያት። ለመምህርት አልናገርም ብዬ ምዬለታለሁ፤ ይሄንንም ያፈረጥኩት አናደሽኝ ነው። በይ ቀሚስሽን ውሰጂ።"

ወደ ቤት ስወጣ ልጄ ሁለቱን ጥቅልሎች ጠረጴዛው ላይ ፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች። ቦርሳዬን ሳላወርድ "አባትሽ ማንን ፈርቶ ነበር ክራንቹን የሚያስቀምጠው?" አልኳት።

ማን ነገረሽ አላለችም። ስትጠብቀው የኖረችው ጥያቄ ነበር።

"ፈርቶ አይደለም" አለች። "ክራንች የያዘ ሰው ማንንም አያስፈራም ብሎ ነው።"

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የምትወስድበት ዓመት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የማጠናከሪያ ትምህርት ትሄዳለች። ታክሲ የምትይዝበት መታጠፊያ ላይ አንድ ጎማ ጠጋኝ አለ። መጀመሪያ ቃል ይወረውርባት ነበር። ቀጥሎ ቦርሳዋን ይጎትታል። አንድ ቀን ክንዷን ይዞ ታክሲው እስኪሄድባት ድረስ አልለቀቃትም። እያለቀሰች ወደ ቤት ስትመለስ ያገኘችው አባቷን ነው፤ አልጋ ላይ።

"ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትምህርቱን ታስቀሪኛለሽ ብዬ። ወይ ሄደሽ ሰፈሩን ትገለብጪዋለሽ።"

አላደርገውም ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ። አደርገው ነበር። ሁለቱንም። 

"አባዬ ሰውየውን አንድ ቃል አልተናገረውም። ፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ታክሲው እስኪነሣ፤ በቃ። ሰውየው ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎም አላየኝ። አባዬ ይበቃል፣ እግርህ ስለው፣ 'ትንሽ ልጨምርለት' ይለኛል።" አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "ደግሞ መውጣቱን ወዶት ነበር፣ እማ። ሸሚዝ ለብሶ፣ ተላጭቶ። መንገድ ላይ ያስቀኝ ነበር።"

ለማን ይላጭ እንደነበር አወቅሁ።

"ብረቱ መጥፎ ከሆነ ግን..." ብላ ቀረች።

ይህን ሁሉ ዓመት ምን ይዛ እንደኖረች፣ ለሕክምና የሚበቃ ውጤት እያላት ብረት ልማር ያለችው ለምን እንደሆነ፣ ያልጨረሰችው ዓረፍተ ነገር ነገረኝ። ልዋሻት እችል ነበር። ቤተ ሙከራው ግን አይዋሻትም፤ ቆርጣ ታየዋለች፣ ንጹህ ሆኖ ታገኘዋለች፣ ያኔ ብቻዋን ትሆናለች።

"ብረቱ ደህና ነበር" አልኳት። "አባትሽም አእምሮው ደህና ነበር። የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ነው። አንቺ አልሰበርሽውም።"

ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የተቆጣሁ መስሏት ይሆናል፤ የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም። ሁለቱ እኔ የሌለሁበት ጠዋት ነበራቸው። ተጠንቅቀው ደብቀውኛል። የፈሩት ጎማ ጠጋኙን ብቻ አልነበረም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሷም አልነገርኳትም።

"ሌላ ስብራት እፈልጋለሁ" አለች በመጨረሻ። "የበር ማጠፊያ፣ ምናምን።"

"ይሄንኑ ትጨርሺዋለሽ።"

"ታሪኩን አምጪ ሲለኝ ምን እለዋለሁ?"

"እኔ እነግረዋለሁ።"

አጉሊው በማግስቱ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ብረቱ የባለቤቴ እንደሆነ ስነግረው መነጽሩን ከአንገቱ አወለቀ።

"እናቴ፣ ያን ቀን ያልኩት..."

"አላወቁም።" ቀጠልኩ። ጠዋት ጠዋት ልጁን ታክሲ እስክትይዝ ይሸኝ እንደነበር ነገርኩት። ድምፄ እንደማስተምርበት ድምፅ ሆነልኝ። ልጄ ከጎኔ ቆማ እጆቿን ትመለከታለች።

"በክራንች?"

"ያለ ክራንች። ሲሄድ የልጁን ትከሻ ይዞ፣ ሲመለስ ብቻውን።"

አጉሊው እርሳስ አነሣ። "ቀዳዳው ዳር ያረፈውን ጫና ለማስላት ክብደታቸው ያስፈልገኛል።"

"ሰማንያ ኪሎ" አልኩ።

"አይደለም" አለች ልጄ። "ሰባም አይሞላም ነበር።"

"ሰማንያ ነው። ሱሪውን የምገዛለት እኔ ነኝ።"

"እሱ ሳይወድቅ በፊት ነው፣ እማ። ከዚያ በኋላ ከስቶ ነበር። በጣም።"

አጉሊው እርሳሱን አንጠልጥሎ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየ። "የቱን ልያዝ?"

"እሷ ያለችውን ይያዙ" አልኩት። "የተደገፈው እሷን ነው።"