የጀሚላ ትንፋሽ የጠራው ስብሰባ

ለአብዮት በዓል ለልጄ ለጀሚላ ፊኛ ገዛሁላት። አፉ ላይ ጥፍር የምታህል ፊሽካ የተሰካችበት፣ አየሩ ሲወጣ የሚጮህ ዓይነት ነው። ጀሚላ ነፋችው፤ ቀጥላ አየሩን መልሳ ወደ ራሷ ሳበችው። ፊኛው እጇ ላይ ቀረ፤ ፊሽካዋ ጉሮሮዋ ገባች።

ከዚያ ወዲህ በተነፈሰች ቁጥር ፉጨት ሆነ።

በእኛ ቀበሌ ደግሞ ስብሰባ የሚጠራው በፊሽካ ነው፤ ሰምቶ የቀረ የቀበሌውን ስኳር አያገኝም። ልጄን አቅፌ ስወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ ደጅ ቆሟል።

«ስብሰባው የት ነው?» አሉኝ እትዬ ጌጤ።

«ስብሰባ አይደለም፣ ጀሚላ ናት! ፊሽካ ጉሮሮዋ ገባ!»

«እግዚኦ! ቅቤ አቅልጠሽ አጠጫት፣ ያንሸራትተዋል።»

«በእግሯ አንጠልጥያት!» አለ ሌላው።

ጀሚላ ዓይኗን አፍጥጣ ታፏጫለች። ቅቤውንም ማንጠልጠሉንም ፈራሁና ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ። ሰዉም ተከተለኝ። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ልወስድ ስቀመጥ እነሱም ተርታ ይዘው ተቀመጡ።

«አጀንዳው ምንድን ነው?» አለ ዘግይቶ የደረሰ አንዱ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሙላቴ እያለከለኩ መጡ። «ያለ እኔ ትእዛዝ ሕዝብ የጠራው ማነው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ጀሚላ ጠቆመ።

«ታቁም!»

«ካቆመችማ ትንፋሿ ቆመ ማለት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር! የርስዎ ልጅ ብትሆን ታቁም ይሉ ነበር?»

ጓድ ሙላቴ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ስብሰባው ተፈቅዷል። ቦታው ሆስፒታል ነው። ወደፊት!»

ሐኪሙ ዶክተር ላቀው ገና ሲያያት፣ «የሚጠጣ ሰጥታችኋታል? አፏ ውስጥ ጣት ከታችኋል?» አለኝ።

«ኧረ የለም!»

«ደግ አደረግሽ። ጣት ቢገባ ወደ ውስጥ ይገፋው ነበር። ቁጭ እንዳለች ትቆይ፤ ውኃም እንዳትቀምስ።»

ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። እኔ በሩ ላይ ተለጥፌ ፉጨቷን አዳምጣለሁ። እስካፏጨች ድረስ በሕይወት አለች። ውጭ ሣሩ ላይ ጓድ ሙላቴ ስለ እርከን ሥራ ንግግር ጀምረዋል።

ድንገት ፉጨቱ ቆመ።

«ያ አላህ!» ብዬ በሩን በጡጫ ደበደብኩት። ውጭ ያለው ሰው ስብሰባው ያለቀ መስሎት አጨበጨበ።

ዶክተሩ ፊሽካዋን በረጅም መቆንጠጫ ይዞ ብቅ አለ። «ይቺውና። ልጅሽ ደህና ናት፣ ተኝታለች።»

ገብቼ አየኋት። ምንም ድምፅ የላትም። ጆሮዬን አፍንጫዋ ላይ ብደቅንም መተንፈሷን ልቤ አላምን አለ። ቀሰቀስኳት።

«እማ፣ ልተኛ» አለች በሻከረ ድምፅ። ነፍሴ መለስ አለች። ደግሞ ዝም ስትልብኝ ደግሜ ቀሰቀስኳት።

ነርሷ ሲስተር ደሳለች እጄን ያዘችኝ። «ከድጃ! ከፊሽካ ያዳንናትን ልጅ በእንቅልፍ እጦት ልትገድያት ነው?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ታንኮራፋልኝ፣ ከዚያ እወጣለሁ» ብዬ ለመንኳት።