የድንኳን ቃል

"ያንን ነገር አጥፋው! አጥፋው ነው የምልህ!"

አልጣሽ ብድግ ስትል የዘረጋችው ጌሾ ግማሹ ጭቃ ላይ ተዘረገፈ። ባጃጁ ተሳፋሪ ሊጭን ደባርቅ ገበያ አፍ ላይ ቆሟል። ከውስጡ የሚጮኸው ድምፅ የማንም አልነበረም፣ የራሷ ነው። ቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ የገዛ ድምፅዋ እንደ ሰርግ ዘፈን ተከፍቶ ሙሾ ያወርዳል።

"ታሞ ሳለ አጥቶ ውሃ የሚያቀብል፣
ሲሞት ወንድም አገኘ ድንኳን የሚተክል።"

አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ገበያነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎረሰች፤ ሳቅ እንዳያመልጣት ነው። ወዲያ ማዶ ያሉት በርበሬ ሻጮች ግን አልተጨነቁም፣ ከት ብለው ሳቁ።

"እማማ አልጣሽ!" አለ ባለባጃጁ ስሜነህ አንገቱን አውጥቶ። "እርስዎ እኮ ነዎት! ጎንደር ሳይቀር ወጥተዋል። ሰዉ ሁሉ እየተቀባበለው ነው።"

"ከየት አመጣኸው?"

"ከቴሌግራም ነዋ። ዩኒቨርሲቲ ካለ ልጅ ነው የመጣ ይላሉ።"

ዩኒቨርሲቲ የሚለው ቃል ጆሮዋ ሲገባ አልጣሽ ሌላ ጥያቄ አላስፈለጋትም። ዩኒቨርሲቲ ያላት ልጅ አንድ ናት፣ እሷም ማሕፀን ሊደርቅ ሲል የመጣችው የመጨረሻዋ፣ ማስተዋል።

ማስተዋል ጎንደር ሄዳ የምትማረው ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ አይደለም፣ ዓረብኛም አይደለም፤ አማርኛን። ሰው እንዴት እንደሚናገር ነው የምታጠና። ሁለተኛ ዲግሪ! የሰፈሩ ሴቶች ይህን የሰሙ ቀን በሳቅ ሆዳቸውን ይዘው ነበር። "አማርኛ ለመማር ጎንደር ድረስ? እዚህ ምን እየተናገረች ነው ያደገች?" ብለዋል። አልጣሽም ፊት ለፊታቸው ትቆጣና ዘወር ስትል እሷው ትስቃለች። ልጅቷ ግን በርትታ እዚህ ደርሳለች፤ ጥናቷን ለማቅረብ የቀራት አሥራ አምስት ቀን ነው።

ገበያነሽ ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ወሬ ስታቀብል ሁሌም እንዲያ ናት።

"ሳትሰሚ አትቀሪም ብዬ ነው። ሻረው ትናንት ጠዋት በሬዎቹን ከፀጋ ማሳ ፈትቶ ነድቷቸው ሄደ አሉ።"

"ምን?"

"ሁለት ትልም ብቻ አውጥቶ። ይሄው ስልክ ነው አሉ ያናደደው። ወፍጮ ቤቱ ድረስ ገብቶበታል።"

ነገሩ ቀላል አይደለማ። ደምለው በጾሙ ሲሞት ሚስቱን ፀጋን ከሦስት ሕፃናት ጋር ነው ጥሏት የሄደ። ወንድሙ ሻረው የወፍጮ ባለቤት፣ የደህና በሬ ባለቤት ነው፤ ወንድሙ አራት ወር ሲማቅቅ ግን አንድ ቀን ብቅ አላለም። ይህን ደባርቅ ሁሉ ያውቃል፣ የሚናገረው ጠፋ እንጂ። አልጣሽ ናት ድንኳን ውስጥ ሙሾ ያወረደችበት። በዚህ አገር አልቃሽ ድንኳን ውስጥ ስትናገር ተናገረች አይባልም፣ አለቀሰች ነው የሚባል። ማንም አይቀየማትም። የተነካው ደረቱን ይመታል፣ ያነባል፤ ድንኳኑ ሲነቀል ቃሉም አብሮ ይነቀላል። ሻረውም እንዲያ አደረገ። አርባው ሳይወጣ በሬዎቹን ጠምዶ መጣና የፀጋን ማሳ ሁለት ጊዜ አረሰላት። የቀረው የዘሩ እርሻ ነበር። ዝናቡ ደግሞ በር ላይ ነው።

"ጌሾዬን እይልኝ" አለችና ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ቤቷ ሮጠች። በስልሳ ሦስት ዓመቷ ሮጠች ነው የምልህ፣ ቁልቁለቱን።

ማስተዋል ብርዱን ሽሽት ብርድ ልብስ ተከናንባ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች።

"እማ፣ ገበያው ሳይፈታ ምነው?"

"ተነሽ።"

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ተነሽ አልኩሽ! ማስተዋል ብዬ ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው። የደምለውን ለቅሶ ቀድተሻል ወይስ አልቀዳሽም?"

አፏ የማያርፈው ልጅ ኮምፒውተሯን ከደን አደረገች። በዚህ ነው አልጣሽ ሁሉንም ያወቀች።

"ቀድቻለሁ" አለች። "ግን ለጥናት ነው፣ እማ። አንቺስ ፈርመሽልኝ የለ?"

"እኔ?"

"ለገና። ወረቀቷ ላይ ጣትሽን አትመሽ። ድምፅሽን ለጥናቱ ልጠቀምበት ብዬሽ፣ 'እንዳሻሽ' አላልሽኝም?"

"ስለ ጌሾ ነበራ! ጌሾ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚሰጣ ጠየቅሽኝ፣ ነገርኩሽ። የጎረቤቱን ሐሜት ሁሉ ቀዳሽ፣ ምን አልኩሽ? ሁለት ቀን ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ለፈለፍኩልሽ። ድንኳን ግባ አልኩት ያንን ስልክሽን?"

"ሙሾ አውርጂልኝ ብዬ ስለምንሽ እምቢ አልሽ!"

"ሰው ሳይሞት ሙሾ? በገዛ ቤቴ? ሟርት ልጥራልሽ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?" ማስተዋልም ድምፅዋ ከፍ አለ። "አማካሪዬ ሰው እየተቀዳ መሆኑን ካወቀ አነጋገሩን ይለውጣል፣ የምንፈልገው ተፈጥሯዊውን ነው ይላል። ስልኬን ነጠላዬ ውስጥ አድርጌ..."

"ሌባም እንዲያ ነው የሚያደርግ።"

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። "ስም አልጻፍኩም። ያንቺም ስም የለም። 'አልቃሽ ሀ' ነው ያልኩሽ።"

"ሀ?" አልጣሽ ወገቧን ያዘች። "ስልሳ ሦስት ዓመት አልጣሽ ተብዬ ኖሬ፣ ሀ አደረግሽኝ?"

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቅ በሞቱ። ዛሬ ማንም አልሳቀ።

"የክፍሌ ልጆች ሲሰሙት ተገረሙ፣ እማ። እንዲህ ያለ አነጋገር አለ ወይ ብለው። አንዱ የዳባት ልጅ ላኪልኝ አለኝ፣ ላክሁለት። እሱ ነው የበተነው!"

"እሱን አላውቀውም። እኔ የወለድኩት አንቺን ነው።" አልጣሽ ተንፈስ አለች፣ ግን ንዴቷ አልወጣም። "ድምፁ የኔ ነው፣ እሺ ውሰጂው። ለቅሶው ግን የኔ አይደለም። የፀጋ ነው። ያቺ ልጅ መናገር የማትችለውን ነው በሷ ፈንታ የተናገርኩ። ሻረው እሱን ሰምቶ ነው በሬ ጠምዶ የመጣ። አሁን በሬውን ፈታ! ሦስት ሕፃን ምን ሊበላ ነው? 'አልቃሽ ሀ'ን ይብሉ?"

ማስተዋል ብርድ ልብሱን ከትከሻዋ አወረደች። "በሬውን ፈታ?"

"ነጠላሽን ልበሺ። ትሄጃለሽ።"

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እህል ያሸከሙ፣ የተሸከሙ፣ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ተኮልኩለዋል። እናትና ልጅ ሲመጡ ሲያዩ ጉርምርምታው ቆመ። ሻረው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ሆኖ ወጣ፣ አያቸው፣ ተመልሶ ገብቶ ሞተሩን አጠፋው። ስድቡ ከጩኸቱ ጋር እንዳይባክንበት ነው።

"መጣችሁ፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች!" አለ። "ደግሞ ምን ልትቀዱ ነው? ሳስነጥስ?"

"ሻረው፣ ወንድሜ" አለች አልጣሽ፣ "እኔ አላወቅሁም። እመቤቴን!"

"ምኑን ነው ያላወቅሽ?"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሻረው አልጣሽን ከልጅነቱ ጀምሮ አንቱ ነው የሚላት። ዛሬ አንቺ አላት።

"እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ ስልኩን ከፍቶ ይስቅብኛል። ድንኳን ውስጥ ስትናገሪኝ ተቆጣሁ? አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። እውነት ነበራ! ወንድሜን አላየሁትም። በማሳ የተነሳ ተኳርፈን ነበር፤ ነገ ዛሬ ስል ሞተብኝ። ሌሊት ሌሊት የሚያቃጥለኝን እኔ ነኝ የማውቅ።" ድምፁ ተሰበረ፣ ወዲያው ግን ጠነከረ። "ቃል ሳልተነፍስ በሬዬን ይዤ ሄድኩ። አለቀ ብዬ! ያ ስልክ በሬዬን ያሳያል? አያሳይም። እኔ ለዘላለም ውሃ ያላቀበለው ሰው ሆኜ ቀረሁ። እንግዲህ ለፀጋ ስልኩ ይረስላት!"

አልጣሽ ከግድግዳው ሥር ካለው ድንጋይ አንዱን አንስታ ማጅራቷ ላይ ጫነችና ጎንበስ አለች። ለይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው አቁሞ መሄድ ነውር ነው፤ ሻረውም አልሄደም።

"ያውርዱት" አለ ዓይኑን አዙሮ። አንቱታው ተመለሰ። "የእርስዎን አልፈልግም። የቀዳችው ትሸከም።"

ሁሉም ሰው ማስተዋልን አየ። ቀጭን ጂንስ ሱሪዋን፣ ነጭ ጫማዋን። ልጅቷ ከእናቷ ማጅራት ላይ ድንጋዩን ተቀበለች፣ ራሷ ላይ ጫነችው፣ ዱቄትና ጭቃ የተለወሰው መሬት ላይ ተንበረከከች።

"ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ ሻረው።"

"ከጥናትሽ ታወጪዋለሽ?"

የጥናቷ ምሰሶ የለቅሶው ምዕራፍ መሆኑን አልጣሽ ታውቃለች፤ አማካሪው ከሁሉም የወደደው እሱን ነው ብላ ስትፈነጥዝ ሰምታታለች። የሁለት ዓመት ልፋት! በሁለት በኩል ተቃጠለች፣ በልጇ ንዴት፣ ለልጇ ሐዘን። ግን አውጪም አታውጪም አላለችም።

"አወጣዋለሁ" አለች ማስተዋል፣ ወደ መሬት።

ሻረው ድንጋዩን አነሳላት። ጭንቅላቷን ዳበስ አድርጎም "ተነሽ" አለ። "በሬዎቹ ሰኞ ይጠመዳሉ።"

ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲቃጣቸው ሻረው ጢሙን አከከ። ዱቄቱ ረገፈ።

"እ... ግን ባታወጪውስ? በሬውንም ብትጨምሪበት? 'ኋላ ወንድሙ አረሰላት' ብለሽ? ዩኒቨርሲቲው ጎደሎውን ከሚሰማ።"

ማስተዋል ዓይኗ በራ። "እውነትዎን ነው፣ ጋሼ! እንዲያውም ቃሉ ምን እንደሚሠራ የሚያሳየው እሱ ነው..." እጇ ሳታስበው ወደ ኪሷ ገባ፣ ወደ ስልኩ።

"ወግጂ!" አልጣሽ እንዲህ ስትጮህ ተሰምታ አታውቅም። ሙሾ ስታወርድም አልጮኸችም። "ሁለታችሁም አንድ ናችሁ! ባሏ የሞተባት ማን ናት? አንተ 'ይውጣ' ትላለህ፣ 'ይግባ' ትላለህ፣ አንቺ ትቀጃለሽ። እሷን የጠየቀ አለ? አንድ ሰው? አንተ አልጠየቅህ፣ አንቺ አልጠየቅሽ፣ እኔም..."

እዚህ ላይ ቆመች። ያንን ሙሾ ስታወርድ፣ ከባልሽ ወንድም ጋር ላጣላሽ ወይ ብላ እሷስ ፀጋን መቼ ጠየቀች?

ማስተዋል ስልኩን ከኪሷ አወጣች። አጠፋችው። ለእናቷ ሰጠቻት።

"ያዥልኝ። ሄጄ እጠይቃታለሁ። እምቢ ካለች ከጥናቱ ይወጣል፣ አለቀ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን፣ እማ።"

ሄደች፣ ጉልበቷ ላይ ጭቃው እንዳለ። የፀጋ ቤት ከወፍጮ ቤቱ ቁልቁል፣ ድምፅ በሚሰማበት ርቀት ነው። በሩ ሲንኳኳ ተሰማ። ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

"እትዬ አልጣሽ" አለች አንዷ ክንዷን እየጎሸመች፣ "አይከተሉም እንዴ? ምን እንደምትላት አይሰሙም? ኧረ ቶሎ ይበሉ!"

አልጣሽ በዚህ ከተማ ከተወራው ሁሉ ያመለጣት ወሬ የለም። እግሯ በላት። ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ሦስተኛውን አነሳች። ከታች የፀጋ ድምፅ ጀመረ፣ ቀጭን ሆኖ፣ "ምን ነበር?" ሲል።

አልጣሽ ተመለሰችና የሰው ጆንያ ላይ ዘፍ አለች።

"ሻረው" አለች፣ "ምን ገትሮሃል? ይሄ ሁሉ ሰው ተራ እየጠበቀ። ሞተሩን አስነሳ።"

ሻረው ገብቶ አስነሳው። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልሰማ።