አንድ አልጋ የለም

ሞምባሳ አሮጌው ከተማ ውስጥ ዙሁራ ባሏ ትቶላት የሞተው ባለ አሥራ ሁለት ክፍል ሆቴል ጣሪያው ያፈሳል፤ የሚያድስላት ሸሪክ ካላገኘች ዘንድሮ መዝጋቷ ነው። ባለሀብት ጠፍቶ አይደለም። ባቡሩ ከናይሮቢ መንገደኛ ማራገፍ ከጀመረ ወዲህ ከተማውን አጥለቅልቀውታል። ይመጣሉ፣ የሁመር ጭማቂዋን ይጠጣሉ፣ የተቀረጸ በሯን ያደንቃሉ፣ ከዚያ ሄደው የሌላ ሰው ሆቴል ይገዛሉ። አንጀቷ አርሯል።

ኪፕሮኖ የሚባል ባለሀብት ከናይሮቢ ደውሎ ሐሙስ መጥቼ አያለሁ ሲላት፣ ወንድሟ አብደላ መላ አመጣ። ባለሀብት ባዶ ክፍል ካየ ይሸሻል፤ የላሙ ደሴት ዘመዶቻችንን ጠርተን እንሙላው አለ። የላሙ ዘመድ ደግሞ ሲጠሩት አይግደረደርም። ምንጣፉንና የደረቀ ዓሣውን ተሸክሞ ከነልጆቹ ከች አለ። ሰገነቱ ሁሉ የታጠበ ልብስ ተሰጣበት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው መጥቶ አልጋ ጠየቀ። ዙሁራ ይህን ለመመለስ ስንት ዓመት ጠብቃለች።

“ሞልቷል ወንድሜ፣ አንድ አልጋ የለም። ፊት ለፊት ባካሪ ዘንድ ይሞክሩ፤ እሱ ምስኪን ምንጊዜም ባዶ ነው።”

ሰውዬው ሰገነቱን ቀና ብሎ አየና አመስግኗት ተሻገረ።

ሐሙስ ለብሳ ተኳኩላ ብትጠብቅ ኪፕሮኖ የለም። አመሻሽ ላይ ራሷ ደወለችለት።

“ማማ ዙሁራ፣ ትናንት አይቼዋለሁ እኮ። አልጋ የጠየቅኩዎት እኔ ነኝ” አላት።

“ታዲያ ሙሉ መሆኑን አይተዋል። ምን ጎደለው?”

“ምንም አልጎደለውም። የሞላ ቤት ላይ ገንዘቤን ባፈስ ምን ይጨምርልኛል? ከሞላ ሆቴል ፊት ለፊት ባዶ ሆቴል ማግኘት ግን ዕድል ነው። ከባካሪ ጋር ተስማምተናል። የጠቆሙኝም እርስዎ ነዎት፣ እግዜር ይስጥልኝ።”

ውሸቴን ነው፣ እኔም ባዶ ነኝ ልትል ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ስልኩን ዘጋች። በአብደላ ተናደደች፣ በኪፕሮኖ ተናደደች፤ ከሁሉም ይልቅ ግን የገዛ አፏን ብትሰፋው በወደደች።

ውጭ ዝናቡ ጀመረ። ወዲያው አክስቷ ምዋናኮምቦ የራሰ ትራስ ታቅፈው ከደረጃው ወረዱ።

“ልጄ፣ አልጋዬ ላይ ያፈሳል። ሌላ ክፍል የለሽም?”

“የለኝም አክስቴ” አለች ዙሁራ። “ሞልቷል።”